ማስታወቂያ ሲገባ እናንተ ቤት ምን ይሆናል? (ደሴና ኮምቦልቻ)

ሮቢት_ማዶ
ሐሙስ፣ ማታ 4፡10

ሰላም ጀማዓው። ዛሬ ስለ ቤት ኪራይም ስለ ኑሮ ውድነትም አላወራም። ድራማ መሀል ስለሚገባው ማስታወቂያ ነው።

ከወዲሁ ልናገር፣ ማስታወቂያ ይጥፋ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ተዋናዩ መከፈል አለበት። ካሜራው ኪራይ ነው፣ የሚቀረጽበት ቤት ኪራይ ነው፣ መኪናው ነዳጅ ይጠጣል። እኛ ደግሞ ቁጭ ብለን በነፃ ነው የምናየው። ስለዚህ የሳሙናውንም የሪል እስቴቱንም ወሬ ችሎ መስማት ግድ ነው።

የማልችለው አቆራረጡን ነው። ትናንት ያየነውን አስታውሱ። ሰውዬው አምሽቶ ገባ። ሚስትየዋ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላለች። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ ፖስታ አለ። ቀና ብላ አየችውና «ይሄን ነገር ከእኔ ደብቀህ...» አለች። ከዚያ? ከዚያማ የዳይፐር ዘፈን! ሕፃን ይስቃል፣ ፊኛ ይበራል። ዓረፍተ ነገሩን እንኳ አላስጨረሷትም። ስንት ዓይነት ዕቃ ተሽጦልን ስንመለስ «...እስከ መቼ ልትኖር ነበር?» ብላ ቀጠለች። ፊቷ ላይ የነበረው ንዴት እዚያው ነው። የእኔ ግን ቀዝቅዟል።

እንዲህ የሚቆርጥ ሰው ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው እንጂ ድራማውን አያየውም። እረፍት ይኑር፣ ግን ትዕይንቱ ሲያልቅ ይግባ። ይቺን ያህል ነው የምለምነው።

እስቲ እናንተ ቤት ማስታወቂያ ሲገባ ምን ይደረጋል? ይጠቅማችኋል ወይስ ያበሳጫችኋል?


የሆጤዋ
ሐሙስ፣ ማታ 4፡25

እኛ ቤትማ ማስታወቂያ ባይኖር ቡና በሥርዓቱ አይጠጣም ነበር።

እናቴ ሕግ አላት። ድራማ እየታየ የሚያወራ ሰው ሲኒው ሳይሞላ ይታለፋል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ አጎቴ ላይ ተፈጽሟል። ስለዚህ ሁሉም ወሬውን ጉሮሮው ላይ ይዞ ይጠብቃል። ማስታወቂያው ሲገባ ቤቱ ይናጋል። «ይቺ ልጅ አርግዛለች።» «ኧረ አላረገዘችም፣ ታማ ነው።» «ወንድሟ ነው ያስመታው፣ ዓይኑን አላየሽውም?» ቡናው ዜናው ላይ ይቆላል። ድራማው ሲጀምር አቦል ይቀዳል። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ላይ ቶና። በረካ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፣ የሚቀጥለው ክፍል ቅንጫቢ ሲታይ።

እና ሮቢት፣ አንተ ተቆረጠ ያልከው ቦታ ላይ እኛ ቤት ጉድ ነበር። እናቴ «ፖስታው የሐኪም ወረቀት ነው» ስትል አክስቴ «የፍርድ ቤት ነው» ብላ ድርቅ። ሴትየዋ ንግግሯን ብትጨርስ ኖሮ ያ ሁሉ ክርክር ከየት ይመጣ ነበር?


ሮቢት_ማዶ
ሐሙስ፣ ማታ 4፡31

@የሆጤዋ እናትሽን ሰላም በይልኝ፣ ሕጉ ደስ ይላል።

ግን እኮ ሳይነገር የቀረው ቃል አይደለም ያከራከራችሁ። ፖስታው ነው። ፖስታውን ያስቀመጠው ደራሲው ነው። ባልየው ሲገባ፣ ካሜራው ፖስታው ላይ ሲያርፍ፣ እዚያ ላይ ቢቆረጥ ክርክሩ ይደራ ነበር። ደራሲው አስቦ ያንጠለጠለው አንድ ነገር ነው። የተናጋሪ አፍ መያዝ ሌላ ነው።


ማታ_ፈረቃ_ኮምቦልቻ
ሐሙስ፣ ሌሊት 7፡50

እናንተ በሰዓቱ ቁጭ ብላችሁ የምታዩ ታድላችሁ። እኔ ድራማው ሲጀምር ማሽን ላይ ነኝ። አሁንም በሻይ ሰዓት ነው የምጽፈው።

እኔ የማየው በማግስቱ ነው፣ ዩቲዩብ ላይ። ከሥራ ወጥቼ ታጥቤ፣ ስልኬን ትራስ ላይ አስደግፌ። ኮምቦልቻ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሙቀቱ ጀምሯል፣ ስልኩም አብሮ ይግላል። ማስታወቂያ እዚያም አለ፣ ግን 5 ሰከንድ ታግሼ እዘለዋለሁ። ስቸኩል ፍጥነቱን እጨምረዋለሁ። ለቅሶው ሳይቀር በሩጫ ነው የሚለቀሰው።

የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ሳላቋርጥ ጥርግ አድርጌ ካየሁት በኋላ ማታ ፋብሪካ ስገባ ጓደኞቼ ስለ ክፍሉ ሲያወሩ ግማሹ ይጠፋብኛል። እነሱ ከነማስታወቂያው ነው ያዩት። እያንዳንዷን ነገር ያስታውሳሉ።


የገራዶ_ልጅ
ዓርብ፣ ጠዋት 3፡15

@ማታ_ፈረቃ ያልከው ነገር ወደ አንድ ጥናት ወሰደኝ። ሳይኮሎጂ ስማር አንብቤዋለሁ።

ኔልሰን፣ ሜይቪስና ጋላክ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ነው። ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ያንኑ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አሳዩአቸው። አንዱ ወገን ከነማስታወቂያው፣ ሌላው ያለ ማስታወቂያ። ቀድመው ሲጠየቁ ሰዎቹ ያለ ማስታወቂያ ቢሆን ይሻለናል ነው ያሉት። አይተው ሲጨርሱ ግን ከነማስታወቂያው ያዩት ይበልጥ ወደውት ተገኙ። ማስታወቂያው ራሱ ጥሩ ስለነበር አይደለም።

ነገሩ መላመድ ነው። ማንኛውም ደስታ ሲረዝም ይደበዝዛል። ዘፈኑም፣ ምግቡም፣ ድራማውም። መሀል ላይ ሲቋረጥ ዓይንና ጆሮ ይነቃል። ተመልሰህ ስትገባ የመጀመሪያውን ያህል ትኩስ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ግን ሮቢትን የሚደግፍም ነገር አለው። ሰው በቀላሉ በማይላመደው ፕሮግራም ላይ ውጤቱ አልታየም። እንደኔ ግምት ደግሞ የፖስታው ዓይነት ትዕይንት የሚለመድ ነገር አይደለም። ማረፊያ የሚፈልገው ያ ሁሉ ለቅሶና ያ ሁሉ መንገድ ላይ መንዳት ነው። (አንድ ሰው መኪና ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ ሲነዳ የምናየው ለምንድን ነው ግን? ደቂቃ ለመሙላት ካልሆነ።)


ሸርፍ_ተራ
ዓርብ፣ ጠዋት 3፡40

ጥናቱ የፈረንጅ ነው። እዚያ ማስታወቂያው ሽው ብሎ ያልፋል። እዚህ እኔ ማስታወቂያ ሲገባ ተነስቼ ሽንኩርት ከትፌ፣ ወጥ ጥጄ፣ ልጅ አስተኝቼ ስመለስ ገና ሪል እስቴቱ ላይ ናቸው። «ጥቂት ቤቶች ብቻ ቀርተዋል» ይላሉ። ዓመት ሙሉ ጥቂት ነው የቀረው።


የቀረጻ_ልጅ
ዓርብ፣ ቀን 6፡20

@ሸርፍ_ተራ ሽው ብሎ አያልፍም፣ እታለም። አሜሪካ የ1 ሰዓት ድራማ ሲባል ድራማው ራሱ ወደ 42 ደቂቃ ነው። ሌላው ማስታወቂያና የራሳቸው ማስተዋወቂያ ነው። ልዩነቱ አጻጻፉ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ድራማ ቀረጻ ላይ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ደሴ ገብቻለሁ፣ ስለዚህ በነፃነት ላውራ።

አሜሪካኖቹ ለማስታወቂያ በሚቋረጥ ጣቢያ ላይ ሲጽፉ ክፍሉን ከመነሻው በአራት ወይም በአምስት ገቢር ይከፍሉታል። እያንዳንዱ ገቢር መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ይንጠለጠላል። አንድ ሰው በር ያንኳኳል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ፖስታ ይገኛል። ማስታወቂያው የሚገባው እዚያ ነው። ጸሐፊው የት እንደሚቋረጥ ስለሚያውቅ ያንን ቦታ ያበጃጀዋል። ማስታወቂያው ከሌለ እንኳ መገጣጠሚያው ይታወቃል። ድሮ በቴሌቪዥን የታየውን ኢንተርኔት ላይ ያለ ማስታወቂያ ስታዩት ስክሪኑ ጥቁር ብሎ ይመለሳል። ያ የማስታወቂያው ቦታ ነው።

እኛ ጋ እንዴት ነው? ብዙ ጊዜ ፕሮዲውሰሩ ራሱ ነው የአየር ሰዓቱን ከጣቢያው የሚገዛው ወይም የሚጋራው። ስፖንሰር ፍለጋ የሚንከራተተውም እሱ ነው። ደራሲው በዚህ ሁሉ ውስጥ የለበትም። እሱ ሲጽፍ የሚያውቀው ክፍሉ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ብቻ ነው። ስንት ስፖንሰር እንደሚገኝ ማንም አያውቅማ! እኔ በሠራሁበት ቤት ኤዲተሩ አንድ ወጥ አድርጎ ቆርጦ ይሰጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያውን የሚሰካው ሰው ደራሲውን በስምም አያውቀውም። ሐሙስ ጠዋት ደራሲያችን ፊቱን አጨማዶ ሲመጣ የት ላይ እንደቆረጡት ሳንጠይቅ እናውቅ ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ስፖንሰር የጠፋ ቀን ድራማው ሳይቆረጥ ይተላለፋል። ተመልካች ደስ ይለዋል። እኛ ደግሞ የዚያን ወር ክፍያ አናገኝም።


የሆጤዋ
ዓርብ፣ ቀን 6፡45

@የቀረጻ_ልጅ እና የቱርኮቹስ? እነሱም እንዲሁ ድንገት ነው እኮ የሚያልቁት። ገና ልትስመው ስትጠጋ «ይቀጥላል»!


የቀረጻ_ልጅ
ዓርብ፣ ቀን 7፡05

የቱርኮቹ ሌላ ታሪክ ነው። ቱርክ ውስጥ አንድ ክፍል ከ2 ሰዓት በላይ ይሄዳል። በሳምንት አንዴ ነው፣ ማታውን ሙሉ ይይዛል፣ በየመሀሉ ማስታወቂያ አለ። ለውጭ ሲሸጥ ያው አንድ ክፍል ወደ 45 ደቂቃ እየተቆረጠ ሁለት ሦስት ይሆናል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ሥራ ጀምሮ በአማርኛ ድምፅ ሲያሳየን የለመድነው የተቆራረጠውን ነው። ስለዚህ እኛ ጋ «ይቀጥላል» የሚለው ቦታ ለቱርኮቹ የክፍሉ መሀል ሊሆን ይችላል። የእነሱ ማንጠልጠያ ደግሞ ለእኛ መሀል ላይ ይወድቃል። የአንቺ መሳሳም በዚያ ምክንያት ነው የቀረው።

ሳሙናን ደግሞ አትስደቡ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በየቀኑ በሬድዮ ይተላለፉ የነበሩትን ተከታታይ ድራማዎች በገንዘብ ያቆሙት ሳሙና አምራቾች ናቸው። ቀን ቤት የምትውለዋ ሴት ታዳምጣለች፣ ልብስ የምታጥበውም እሷ ናት፣ ስሌቱ ይኸው ነው። ሬድዮው ወደ ቴሌቪዥን ዞረ፣ ድራማውም ሳሙናውም አብረው ዞሩ። ዛሬ ማታ የደሴ ሴት የዱቄት ሳሙና ማስታወቂያ ድራማ መሀል ስታይ ወደ መቶ ዓመት የተጠጋ ስሌት ነው የምታየው።


እናት_ሰኞ_ገበያ
ዓርብ፣ ማታ 1፡30

አቆራረጡን ተዉት። የእኔ ችግር ጩኸቱ ነው። ድራማው ውስጥ ሹክሹክታ ነው፣ ስለማይሰማኝ ድምፁን እጨምራለሁ። ድንገት ማስታወቂያው ሲገባ ቤቱ ይናወጣል፣ ያስተኛሁት ልጅ ብድግ። ሪሞቱን ፍለጋ ሶፋ ሥር እንደፋለሁ። ሆን ብለው ነው አይደል የሚያስጮሁት?


ዲሽ_ሠሪው
ዓርብ፣ ማታ 2፡00

@እናት_ሰኞ_ገበያ እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ቤት ለቤት ስዞር በየቀኑ ነው የምጠየቀው። ሪሲቨሩ ተበላሽቶ ነው የሚሉኝ ሞልተዋል። ሪሲቨሩ ምንም አልሆነም።

ድምፅ ጣሪያ አለው፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። ድራማ ውስጥ ጣሪያውን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው፣ ጥይት ሲተኮስ ወይ በር ሲላተም። ሌላው ዝቅ ያለ ነው። ማስታወቂያ ሲሠራ ግን ዝቅ ያለውን ድምፅ ሁሉ ገፍተው ወደ ጣሪያው ያስጠጉታል። ሹክሹክታውም፣ ሙዚቃውም፣ ሳቁም እኩል ላይ ይሆናል። ጣሪያው አልተጣሰም፣ ጆሮ ግን ጩኸት ነው የሚሰማው። በሌላው ዓለምም ያስመረረ ነገር ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ሕግ አውጥታበታለች። ማስታወቂያው ከፕሮግራሙ አማካይ ድምፅ በልጦ እንዳይጮህ የሚል ነው፣ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ይሠራል።

ቴሌቪዥንሽ አዲስ ከሆነ የድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ገብተሽ «ኦቶ ቮልዩም» የሚል ካለ አብሪው። ጨርሶ አያጠፋውም፣ ግን ልጁን አያስነሳም። አሮጌ ከሆነ ሪሞቱን ጡትሽ ሥር ይዘሽ ከማየት ሌላ መፍትሔ የለኝም።


ሳላይሽ
ዓርብ፣ ማታ 2፡35

ስለ ሕግ ከተነሳ አንድ ልጨምር። የኛም ሕግ ዝም አላለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የሚባል አለ። ማስታወቂያው ከመደበኛው ፕሮግራም በግልጽ መለየት አለበት ይላል። ከዚያ በ2011 የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሲወጣ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬድዮ ወጣ። ትዝ ይላችኋል? ከዚያ በፊት ድራማውን የያዘው ቢራ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር የቢራ ዘፈን በቃሉ ይወጣው ነበር።

መለየት አለበት የሚለው ላይ ግን እስቲ ድራማዎቻችንን እዩ። ጀግናው ከባድ ሐዘን ላይ ሆኖ ውሃ ይጠጣል፣ የጠርሙሱ ጽሑፍ ወደ እኛ ዞሯል። ቤተሰቡ ሊበተን ነው፣ አባትየው ግን ስለ አዲሱ ፍራሽ ምቾት ይናገራል። ይሄ ማስታወቂያ ነው ድራማ? እኔ ከዚህስ ዳይፐሩ ይሻለኛል። ዳይፐሩ ቢያንስ ዳይፐር ነኝ ብሎ ነው የሚመጣው።


ሀረጎ_ቁልቁል
ዓርብ፣ ማታ 2፡50

ከሁሉ የሚያስቀኝን ልንገራችሁ። ባለፈው ዋናዋ ልጅ ሞተች። ቤታችን ሁሉ ተላቀሰ፣ አያቴ ነጠላዋን ዘቀዘቀች። ማስታወቂያ ገባ። ሟቿ ራሷ ብቅ ብላ በቀይ ቀሚስ ፓስታ ትቀቅላለች! አያቴ «ኧረ ይቺን ልጅ ማን አስነሳት» ብላ ማተቧን ያዘች። ወደ ድራማው ስንመለስ ቀብሯ ነው። ማን ያልቅስ?

እዚህ ላይ ጥናት አያስፈልግም። ቢያንስ የሞተውን ሰው በዚያ ምሽት አታሳዩን።


ኡሙ_ሰሚር
ዓርብ፣ ማታ 3፡20

አሰላሙ ዐለይኩም። ሀረጎ ገደልከኝ ወላሂ።

እኔ እንኳን ማስታወቂያውን ወድጄዋለሁ። ድራማው የሚጀምረው ዒሻ ላይ ነው። ረጅሙ ማስታወቂያ ሲገባ ሰግጄ እመለሳለሁ። ልጆቹ «ኡሚ ጀመረ!» ብለው አይጠሩኝም፣ አስተምሬያቸዋለሁ። ያመለጠኝን ሰሚር ይነግረኛል። እሱ ሲነግረኝ ከድራማው ይበልጣል፣ የሁሉንም ድምፅ እያስመሰለ ነው።

ችግሩ ረመዷን ነው። ተራዊህ ላይ ነን፣ ድራማው ያልፋል። ያኔ ድጋሚውን ነው የምናየው፣ ቀን ቀን። ፆመኛ ሆኖ የዘይትና የፓስታ ማስታወቂያ ማየት ደግሞ ምን እንደሆነ የፆመ ያውቀዋል።


ሸርፍ_ተራ
ዓርብ፣ ማታ 3፡28

@ኡሙ_ሰሚር ወዐለይኪ ሰላም። ሶላት በማስታወቂያ ልክ አይሰፈርም እታለም። አንዳንድ ቀን እኮ ማስታወቂያው ያጥራል። ሱጁድ ላይ ሆነሽ የድራማው ሙዚቃ ቢጀምርስ?


ኡሙ_ሰሚር
ዓርብ፣ ማታ 3፡33

ለዚህ ነው ሌላ ክፍል ገብቼ በር የምዘጋው። ደግሞ ማስታወቂያው ያጠረበትን ቀን ንገሪኝ፣ ደስ ብሎኝ ላክብር።


አይጠየፍ_ሰፈር
ቅዳሜ፣ ጠዋት 2፡40

ልጆች፣ እኔ ትንሽ ቆየት ያለውን ላንሳ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ሲጀምር እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ደሴ ላይ ያየሁት ብዙ ቆይቼ ነው። በ1977 ቀለም ሲመጣ ሰፈራችን ውስጥ ቀለም ያለው ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰው ማታ ማታ እዚያ ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ልጆች መሬት፣ ትልልቆቹ መደብ ላይ።

የኛን ድራማ የሚቆርጠው የቤቱ እመቤት እንቅልፍ ነበር። ሲደክማት «እንግዲህ ይበቃል ልጆች» ብላ ታጠፋዋለች። ማን ምን ሊላት? የሰው ቤት ነው። መጨረሻውን በማግስቱ ሌላ ሰፈር ካየ ሰው እንጠይቃለን። እሱም የራሱን ይጨምርበታል። እኔ እስከ ዛሬ መጨረሻቸውን በትክክል የማላውቃቸው ድራማዎች አሉ።

ስለዚህ የዛሬው ማስታወቂያ ለእኔ ቀላል ነው። ተመልሶ እንደሚመጣ እየነገረ ነው የሚሄደው።


ሮቢት_ማዶ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 2፡58

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፣ እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገን። ግን እመቤቲቱ ዓረፍተ ነገር መሀል ታጠፋው ነበር ወይስ ትዕይንቱ ሲያልቅ?


አይጠየፍ_ሰፈር
ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡05

ነፍሷን ይማረውና፣ ትዕይንቱን ታስጨርሰን ነበር። ይሄንስ እውነትህን ነው።


ቧንቧ_ውሃ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡30

ስለ እረፍትና ስለ ቡና ካወራን እንግሊዞችን እዩዋቸው። እነሱ ጋ ተወዳጅ ፕሮግራም ሲያልቅ ወይም ማስታወቂያ ሲገባ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተነስቶ የሻይ ማፍያውን ይሰካል። ኤሌክትሪኩ ድንገት ይፈለጋል። ስለዚህ መብራት የሚቆጣጠሩት ሰዎች የቴሌቪዥን ፕሮግራም እያዩ ነው የሚሠሩት። ትልቁ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1990 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ነው። እንግሊዝ በፍጹም ቅጣት ምት በምዕራብ ጀርመን እንደተሸነፈች ፍላጎቱ በ2,800 ሜጋዋት ዘለለ። የሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። ከግማሽ በላዩ ለሻይ!

እኛ ግን ጀበናው ከሰል ላይ ነው፣ ማንንም አንጎዳም። መብራቱ የሚሄደው በሌላ ምክንያት ነው።


ማታ_ፈረቃ_ኮምቦልቻ
ቅዳሜ፣ ቀን 8፡10

መብራት ካነሳችሁ አይቀር፣ የ2014 ኅዳርን ማን ይረሳል። ደሴም ኮምቦልቻም መብራት የለ፣ ኔትወርክ የለ። ድራማ ማን ያስታውሳል ያኔ። መብራት ሲመለስ ግን እህቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «ሰርጉ ሆነ?» ብላ ነው። የድራማውን ሰርግ ማለቷ ነው። ክፍሎቹ አልፈው ነበር። ተሰብስበን በአንድ ስልክ ተከታትለን ደረስንባቸው። ማንም ማስታወቂያ አልዘለለም።


የገራዶ_ልጅ
ቅዳሜ፣ ቀን 8፡30

አንድ ልብ ያልነው ነገር ያለ ይመስለኛል። ከላይ ማስታወቂያን የደገፈው ሁሉ ከሰው ጋር የሚያይ ነው። የሆጤዋ፣ ኡሙ ሰሚር። ያ ጥናት ያየው አንድን ተመልካች ነው፣ የሚለካው የእሱን ስሜት። የሆጤዋ ቤት ያለው ሌላ ነው። እዚያ እረፍቱ ራሱ ፕሮግራም ሆኗል። ብቻውን በስልክ የሚያይ ሰው ግን ማስታወቂያው ከማን ጋር ያከራክረው? ቢዘለው አይፈረድበትም።


የሆጤዋ
ቅዳሜ፣ ቀን 9፡00

ለዚህ ነው እናቴ ዩቲዩብ የማትወደው። ወንድሜ አንዴ ቴሌቪዥኑን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ ያለ ማስታወቂያ አሳየን። አቦሉ ሳይወርድ ድራማው ግማሽ ደረሰ። «አቁሙልኝ» አለች። አቆመላት። ወሬው ግን አልመጣም። አስቁሞ ማውራት ልክ አይሆንም፣ ሁሉም ሪሞቱን ነው የሚያየው። «በል ልቀቀው» አለችው።

ሮቢት፣ እኔ ሐሳቤን ላስተካክል። ማስታወቂያው ይግባ፣ ትዕይንቱ ሲያልቅ ይግባ፣ ሲመለስ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ይጀምር። ወሬ ላይ ስለምንሆን የመጀመሪያዋን ቃል ሁሌ ታመልጠናለች።


ሮቢት_ማዶ
ቅዳሜ፣ ቀን 9፡20

ይቺ ጥሩ ናት። ጣቢያው ገጽ ላይ ሁለቱንም ጽፌ አስቀምጣለሁ። @የቀረጻ_ልጅ ለማን ብጽፍ ይሻላል? ለጣቢያው ወይስ ለፕሮዲውሰሩ?


የቀረጻ_ልጅ
ቅዳሜ፣ ቀን 9፡45

ለፕሮዲውሰሩ። የድራማው ገጽ ላይ አስተያየት ስር ጻፈው፣ ያነቡታል። የትኛው ክፍል፣ የትኛው ደቂቃ ላይ ብለህ ለይተህ ጻፍ። «ማስታወቂያ በዛ» ብቻ ካልከው ያልፉታል፣ ሁሉም ነው የሚለው። ኤዲተሩ ማቋረጫውን ምልክት አድርጎ ቢሰጥ ለጣቢያውም ሥራ ይቀልለታል። ዋጋ የለውም፣ ማሰብ ብቻ ነው የሚፈልገው። ስፖንሰሩም ቢሆን ተመልካች እየተራገመ ዕቃውን እንዲያይለት አይፈልግም።


እናት_ሰኞ_ገበያ
ቅዳሜ፣ ማታ 12፡40

@ዲሽ_ሠሪው ኦቶ ቮልዩሙን አገኘሁት፣ ተባረክ። አሁን ደግሞ ዝናብ ሲጥል ምስሉ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ። የጎረቤቴ ግን ጥርት ብሎ ይሠራል። ምን ይሆን?


ዲሽ_ሠሪው
ቅዳሜ፣ ማታ 1፡15

የጎረቤትሽ ኢትዮሳት ላይ ይሆናል፣ ያንቺ ገና ናይልሳት ላይ ነው መሰለኝ። ከደሴ ሲታይ ናይልሳት ወደ ምዕራብ ዝቅ ያለ ነው፣ ሲግናሉ ብዙ ዝናብ አቋርጦ ነው የሚመጣው። ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፣ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ዝናቡ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ያጥራል። ዲሹን ማዞር ነው። ካዞርሽውም በኋላ ከተቆራረጠ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ያለችው ሲግናል ተቀባይ) ውስጥ ውሃ ገብቷል ማለት ነው፣ ክዳኑ ተሰንጥቆ ይሆናል።

ነገ ከሰዓት ሰኞ ገበያ አካባቢ ሥራ አለኝ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ መሰላል ካላችሁ ደግሞ አዘጋጁልኝ።